የመዝጊያው እጀታ ማን ዘንድ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ጣሊያኗ ከተማ ስለ ቬኒስ የባሕር ሙላት መከላከያ በሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ትልቁ ውሃ ጎርጎራ ላይ ሆኜ ያየሁት ጣና ነው። ነገር ግን አዘዞ ውስጥ ላሜራ ስቆርጥና ስበይድ ነው ያረጀሁትና የበር ወሬ አያልፈኝም።

ጸሐፊያችሁ ብረቱን አሳምሮ ነግሮናል። 78 በሮች ሆዳቸው ውሃ ሞልቶ ባሕሩ ወለል ላይ ተኝተው ይከርማሉ። ነፋስ ባሕሩን እየገፋ ወደ ከተማዋ ሲቆልለው አየር ይነፋባቸዋል፤ ውሃው ከውስጣቸው ይወጣና በማጠፊያቸው ላይ ተነሥተው ይቆማሉ። የሠሩት ሰዎች እጃቸው ይባረክ።

የተዘለለው ግን ይብሳል። በሮቹ ከተማዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙላት ያዳኑት መስከረም 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር 29 ቀን የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ውሃ ገባበት። የተሰበረ በር አልነበረም፤ የሚያነሣቸው ነው የጠፋው። የዚያን ጊዜ ደንብ ውሃው 130 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል ተብሎ ሲተነበይ ይነሡ ይላል። ትንበያው ከዚያ በታች ሆነ፤ ውሃው 138 ደረሰ።

ይህን ሳስብ ለደንቢያ ገበሬዎች የሠራሁት መዝጊያ ትዝ አለኝ። ከመገጭ ወንዝ በተጠለፈ ቦይ አፍ ላይ የቆመ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ባለ ስድስት ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ዙሪያው አንጎላሬ፣ ከላይ ጥርስ ያለው ዘንግና በእጅ የሚዞር እጀታ። እጀታው እንዳይሰረቅ ተብሎ ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ባለ ቁልፉ ለቅሶ ሄዶ ሳለ መገጭ ሞላ። ገበሬዎቹ በባትሪ እያበሩ ዘንጉን በቧንቧ መፍቻ ሊያዞሩት ታገሉ። ሁለት ክረምት ግራሶ ያልቀመሰ ዘንግ ንቅንቅ አላለም። ሲነጋ ጤፉ ላይ ደለል ተኝቶበታል። ያሠራው መሥሪያ ቤት በሪፖርቱ «የብየዳ ጉድለት» ብሎ ጻፈ። ብየዳዬ እስከ ዛሬ አለ፤ የፈለገ ሄዶ ይየው።

ሆላንዶች ይህ የገባቸው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው ማዕበል 1,836 ሰው ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሠርተው የጨረሱት የሮተርዳም መከላከያ ሁለት ክንፍ አለው፤ አንዱ ክንፍ 210 ሜትር ይረዝማል። እኔን ግን ርዝመቱ አልገረመኝም። ውሃው ከመደበኛው 3 ሜትር ከፍ ይላል ተብሎ ሲተነበይ ዝጋ ብሎ የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው፤ ሰው በጭንቅ ሰዓት ይሳሳታል ብለው ነው። ደግሞ በየዓመቱ የማዕበሉ ወራት ሳይገባ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ መርከብ አስቁመው ዘግተው ይፈትሹታል። ለንደኖችም የቴምዝ ወንዛቸውን በሮች በየወሩ ይፈትሻሉ። ኮምፒውተሩ ለኛ ቦይ ቅንጦት ነው። ፍተሻው ግን አንድ ጣሳ ግራሶና የአንድ ጠዋት ጉልበት ነበር።

ስለዚህ አዘጋጅ ሆይ፣ እኛም ጋ በር አለና፣ ጨራ ጨራ ላይ የጣና መውጫ ራሱ ባለ ሰባት በር ነውና፣ ስለ ግድብም ስለ ቦይም ስትጽፉ ስፋቱንና ወጪውን ነግራችሁን አትለፉ። የሚዘጋው ማን ነው? መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? ባለ ቁልፉ ለቅሶ ከሄደ ተተኪው ማን ነው? ጠይቁልን።

ከዚያ ክረምት በኋላ ለደንቢያው መዝጊያ ሁለተኛ እጀታ በራሴ ብረት ሠርቼ ወሰድሁ። ባለ ቁልፉ አመስግኖ፣ ፈርሞ ተቀበለኝና ከመጀመሪያው ጋር እዚያው ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት።

ጡረታ የወጣ ብረት ሠራተኛ
ከአዘዞ፣ ጎንደር