ለአባቴ፣ ስለ ልጄ ዝምታ

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንደምን ከረመ? የዓይንዎን ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ እንደገና እንዳራዘሙት ከእማዬ ሰምቻለሁ፤ እባክዎ ከዚህ በላይ አያቆዩት።

በደወልኩ ቁጥር «ልጁ ዛሬም አይናገርም?» ይሉኛል። ጆሮው ተመርምሯል፣ ጤነኛ ነው። ለጨዋታ ሕክምና ገንዘብ መክፈሌ እንዳስገረመዎትም ስለሰማሁ የሚሠራውን ላስረዳዎት። በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ፣ አሸዋ፣ ቀለምና ልዩ ልዩ አሻንጉሊቶች ባሉበት ክፍል ውስጥ ከባለሙያዋ ጋር ይቆያል። በምን እንደሚጫወት የሚመርጠው እሱ ነው። ራሱንም ሆነ ሰውን መጉዳት ክልክል ነው፤ ከዚያ ውጭ አታዝዘውም፣ አታርመውም፣ «ጎበዝ» እንኳ አትለውም። ትንሹን አንበሳ አሸዋ ውስጥ ሲደብቅ «ማንም እንዳያገኘው ፈልገሃል» ትለዋለች እንጂ ለምን እንደደበቀው አትጠይቀውም፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚያስፈራውን ነገር ተቀምጦ ሊያስረዳ ባይችልም በእጁ ግን ሊያሳይ ይችላልና። ይህን መንገድ ያስፋፋችው ቨርጂኒያ አክስላይን እ.ኤ.አ. በ1947 ካስቀመጠቻቸው ስምንት መርሆች አንዱ፣ ሕክምናው አዝጋሚ ስለሆነ ባለሙያው እንዳያጣድፈው የሚያሳስብ ነው። ለእኛ ቤተሰብ ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ይመስለኛል።

በቅርቡ ከእህቱ ጋር ሲጫወቱ «አልፈልግም፣ ተራው የእኔ ነው» አላት። እርስዎ ጥጋብ ይሉት ይሆናል፤ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ምክንያቱም እስከዚያ ቀን ድረስ የሚፈልገውንም የማይፈልገውንም ነግሮን አያውቅም ነበር።

አባባ፣ እኔን ለማስተማር የከፈሉትን ሁሉ አውቃለሁ፣ አመሰግናለሁም። ነገር ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር መሐል ቤት አቁመው «አፍ የለሽም ወይ?» ሲሉኝ እንግዶቹ ይስቁ ነበር፣ እርስዎም አብረው ይስቁ ነበር። ይናገር የነበረው ወንድሜ ይሞገስ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዝም ባልኩ ቁጥር ይበልጥ እጠየቅ ነበር። እማዬ ይህን ሁሉ ታስታውሳለች፤ እርስዎ ያስታውሱ እንደሆነ አላውቅም።

ለእረፍት ስንመጣ ልጄን በሰው ፊት እንዲናገር አይዘዙት፣ ከወንድሜም ልጆች ጋር አያወዳድሩት። ጉልበትዎ ወለል ላይ ለመቀመጥ ስለማይመችዎት ወንበርዎን አጠገቡ አድርገው ጨዋታውን ይመልከቱ፤ አሻንጉሊት ከሰጠዎት ይቀበሉትና ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ እሱ እስኪያሳይዎት ይጠብቁ። ይህ የሚከብድዎት ከሆነ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ እሱ ከአባቱ ጋር ይቆያል፣ እኔም ብቻዬን እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ