ስለ ኒውዮርኩ የሚዩዚካል ጉዞ እና ስለ «ፕሪቪው» ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን እንደምን ከረማችሁ።

ይሄንን የምንጽፈው የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ አብራችሁን ተነስታችሁ ኒውዮርክ ሚዩዚካል (በዘፈን ታሪክ የሚያወራ ቲያትር) ላያችሁት 47 ሰዎች ነው፣ ወሬውን ሰምታችሁ «ለቀጣዩ እንመዝገብ ወይስ ይቅርብን» ብላችሁ ለደወላችሁልንም ጭምር ነው። ከዛ እሁድ ጠዋት ጀምሮ ስልካችን አላረፈም። ግማሹ «ተባረኩ፣ እንዲህ አይነት ነገር አይቼ አላውቅም» ይለናል ግማሹ ደግሞ «ያላለቀ ነገር ነው ያሳያችሁን ገንዘባችን ይመለስ» ይለናል፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሄዱ ባልና ሚስት እንኳን በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማሙም። አንድ በአንድ ደውለን ማስረዳት ስላልቻልን ነው በደብዳቤ ያደረግነው።

መጀመሪያ የኛን ጥፋት እንናገር። ማስታወቂያው ላይ «አዲስ ሚዩዚካል» ብለን ጻፍን እንጂ «ፕሪቪው» የሚለውን ቃል አልጻፍንም። እኛ ትኬቱን ስንገዛ እናውቅ ነበር፣ ለናንተም ግልፅ የሆነ መሰለን፣ ግን ግልፅ አልነበረም እና ሊያናድዳችሁ ይገባል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። የሾውን ስም እዚህ ደብዳቤ ላይ አንጠራም፣ ምክንያቱም አሁንም በየቀኑ እየተነካካ ያለ ስራ ነው፣ ሰዎቹ ሳይጨርሱ እኛ በጽሁፍ ስሙን ይዘን ብንዞር ፍርደ ገምድል መሆን ነው።

እሺ ፕሪቪው ምንድነው? አንድ ሾው በይፋ ከመከፈቱ በፊት ትኬት ተሽጦ ሰው ገብቶ የሚያየው፣ ግን ገና እየተስተካከለ ያለበት ጊዜ ነው። ቀን ልምምድ ያደርጋሉ ማታ ለህዝብ ያሳያሉ። ዛሬ ማታ ሰው ያልሳቀበት ንግግር ነገ ይወጣል፣ የረዘመ ትዕይንት ይቆረጣል፣ ዘፈን ከአንደኛው ክፍል ወደ ሁለተኛው ይዛወራል፣ ተዋናዮቹ ከሰዓት የተሰጣቸውን አዲስ ቃል ማታውኑ ያው መድረክ ላይ ይወጡበታል። ደራሲውና ዳይሬክተሩ ከኋላ ሆነው የሚያዩት መድረኩን ብቻ አይደለም እናንተንም ነው፣ የት ጋ ሳቀ፣ የት ጋ ሳል በዛ፣ የት ጋ ሰው ስልኩን አየ። የጋዜጣ ሃያሲዎች የሚጋበዙት ወደ መጨረሻዎቹ ፕሪቪዎች አካባቢ ነው፣ የጻፉትም የሚወጣው በመክፈቻው ምሽት ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ጥቂት ሳምንታት ነው የሚፈጀው፣ አንዳንዴ ግን ይረዝማል፣ የሸረሪት ሰው ታሪክን ይዞ በ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ሰፈር) የገባው ሚዩዚካል ከመከፈቱ በፊት 182 ፕሪቪው አሳይቷል፣ ከስድስት ወር በላይ ማለት ነው። ድሮ የፕሪቪው ትኬት ይረክስ ነበር አሉ፣ አሁን ግን ብዙ ጊዜ ከመደበኛው እምብዛም አይለይም፣ ለዚህም ነው ዋጋውን ብቻ አይቶ ማወቅ የማይቻለው።

ሁለተኛው ያላስረዳነው ነገር የሾው አይነት ነው፣ ያየነው በአንዲት የታወቀች ፖፕ ዘፋኝ ዘፈኖች የተሰራ ነው። ሶስት ሰዎች «ዘፋኟ ራሷ የምትወጣ መስሎን ነው የሄድነው» ብለውናል፣ ሌሎች ደግሞ «የህይወት ታሪኳ ነው ብለን ነበር፣ ስለሷ አንድም ነገር የለበትም» አሉ። ትክክል ናችሁ፣ የለበትም። በታወቁ የፖፕ ዘፈኖች የሚሰሩ ሚዩዚካሎች ሁለት መልክ አላቸው። አንደኛው የዘፋኙን ህይወት የሚያወራው ነው፣ በ2022 የተከፈተው የማይክል ጃክሰኑ ሾው እንደዛ ነው። ሌላኛው ግን ዘፈኖቹን ብቻ ወስዶ ከዘፋኙ ጋር ምንም የማይገናኝ አዲስ ታሪክ ይሰራባቸዋል። የዚህ አይነቱ ትልቁ ምሳሌ «ማማ ሚያ» ነው። አባ (ABBA) የሚባለው የስዊድን ባንድ ዘፈኖች ናቸው፣ ታሪኩ ግን ስለ ባንዱ ሳይሆን ግሪክ አገር አንድ ደሴት ላይ ልታገባ ስላለችና አባቷ ከሶስት ሰዎች የትኛው እንደሆነ ስለማታውቅ ልጅ ነው። ለንደን የተከፈተው ኤፕሪል 6 ቀን 1999 ነው፣ ባንዱ ዩሮቪዥንን (የአውሮፓ የዘፈን ውድድር) ያሸነፈበት 25ኛ አመት ቀን ላይ ማለት ነው፣ ብሮድዌይ ደግሞ ከ2001 እስከ 2015 ድረስ 5,758 ጊዜ ታይቷል። እኛ ያየነውም የዚህኛው ዘር ነው።

እስቲ አንድ ሰው የጥላሁንን ዘፈኖች ሰብስቦ ስለ ሌላ ሰው ህይወት ቲያትር ሰራ እንበል፣ ብሔራዊ ቲያትር ገብተን ስንቀመጥ እያንዳንዳችን የራሳችንን ዘፈን ነው የምንጠብቀው፣ ከሰርጋችን ቀን የሆነ፣ ከቀበርነው ሰው የሆነ፣ እና ያቺ ዘፈን በማንጠብቀው ሰው አፍ በማንጠብቀው ቦታ ስትመጣ ወይ እናለቅሳለን ወይ እንቆጣለን። የዛን ቀን የሆነውም ይሄው ነው።

ለምሳሌ ሳቁ። ብዙዎቻችሁ «ታሪኩ ላይ ሚስትየው እያለቀሰች ሰው ለምን ይስቃል» ብላችሁ ጠየቃችሁን፣ አንዲት እናትማ ፈረንጆቹ ጨካኞች ናቸው ብለው ደመደሙ። ሰው የሚስቀው በሷ ሀዘን አይደለም። ሙዚቃው ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ድምፆች ሲሰሙ «እንዴ ይቺ ዘፈን! እዚህ ጋ ነው እንዴ ያስገቧት!» የሚል የማወቅ ሳቅ ነው። በዚህ አይነት ሾው ላይ ሁሌም አለ፣ ጎበዝ ደራሲ አስቦበት ይጠቀምበታል። ችግሩ ሳቁ የማይፈለግበት ቦታ ላይ ሲመጣ ነው፣ እኛ ያየንበት ቀን ሁለት ቦታ ላይ እንደዛ ሆኗል፣ እናንተም ተሰምቷችኋል። ያንን ለማወቅ ነው ፕሪቪው የሚያስፈልገው፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ልምምድ ላይ ማንም አይስቅማ።

ሌላው በጣም ያከራከረው ክለብ ውስጥ ስንጨፍርበት የኖርነውን ዘፈን አቀዝቅዘው እናትየው ለተኛች ልጇ እንድትዘፍነው ያደረጉት ነው። «ዘፈኑን ገደሉት» ያላችሁ አላችሁ። እኔ በግሌ (ይሄንን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ባለቤቴ ሾፌሩ ጎን ስለነበር አልገባም) የቀኑ ምርጥ ነገር እሱ ነበር ብዬ ነው የማምነው። ከበሮው ጠፍቶ ፒያኖ ብቻ ሲቀር ስንት አመት የሰማሁት ግጥም ስለ ልመና መሆኑን ያኔ ነው የሰማሁት። ግን ያልወደዳችሁትም አልተሳሳታችሁም፣ ያንን ፈጣን ዘፈን ፈልጋችሁ አራት ሰዓት ተኩል ባስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሄዳችሁ መጨረሻ ድረስ በዛ መልኩ አልተሰማም።

ከሁሉም ግን የቆመው ሾው ነው ያስጨነቃችሁ። ከእረፍት በኋላ መድረኩ ላይ በማሽን የሚንቀሳቀሰው ደረጃ መሃል መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ፣ መብራቱ ተለወጠ፣ በድምፅ ማጉያ ለትንሽ ጊዜ እናቆማለን ተባለ። ከኛ አካባቢ ሶስት አራት ሰው ተነስቶ «አለቀ እንዴ» ብሎ ጃኬቱን መልበስ ጀመረ። አስራ ሁለት ደቂቃ ያህል ነው የቆመው። ተዋናይቷ ደረጃው ላይ እንደቆመች ጫማዋን አወለቀች፣ ቁጭ አለች፣ ከላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንድ ሰው ያቺን የተቋረጠችዋን ዘፈን ማዜም ጀመረ፣ ሌላው ተቀበለው፣ በመጨረሻ አዳራሹ በሙሉ በቀስታ ሲያዜም እሷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታዳምጥ ነበር። ጎኔ የነበረች የ15 አመት ልጅ ለአያቷ በጆሯቸው እየተረጎመች ነበር፣ አያትየው «ምን ይላሉ» ሲሉ «እየጠበቅንሽ ነው እያሏት ነው» አለቻቸው። ግጥሙ እንደዛ አይልም፣ ግን ከዛ የተሻለ ትርጉም አላውቅም። ሾው ሲያልቅ ተዋናይቷ ስትሰግድ እንዴት እንደተጨበጨበላት አይታችኋል።

ፕሪቪው ላይ እንዲህ አይነት መቆም ያለ ነገር ነው፣ የመድረክ ማሽን ከሰው ጋር ሲሰራ የመጀመሪያ ሳምንቶቹ ስለሆኑ ለተዋናዮቹ ደህንነት ሲሉ ያቆማሉ፣ ቢያቆሙም ይሻላል።

ስለ መዝፈንም አንድ ነገር። ሁለት እህቶቻችን አብረው ሲዘፍኑ አስተናባሪዋ መጥታ ዝም በሉ ስላለቻቸው ተሸማቀዋል፣ አንደኛዋ «እኛ አገር ዘፋኝ ሲዘፍን ተነስተህ ትሸልማለህ እንጂ እንደ ቤተክርስቲያን ዝም አትልም» ብላናለች። እውነቷን ነው፣ ለኛ ዝም ማለት አለመደሰት ነው የሚመስለን። ግን እዛ ያለው ልማድ በታሪኩ መሃል ዝም ብሎ መስማት፣ መጨረሻ ላይ ሰላምታ ሲሰጡ ሁሉም ቆሞ መዝፈን መጨፈር ነው፣ «ማማ ሚያ» ላይም መጨረሻው እንደዛ ነው። ነገሩ ፈረንጆቹንም ያጣላል፣ በ2023 እንግሊዝ ማንችስተር ውስጥ ተመልካቾች የመጨረሻውን ዘፈን አብረን እንዘፍናለን ብለው ሾው ተቋርጦ ፖሊስ መጥቷል። ይሄንን ባስ ውስጥ እያለን መንገር ነበረብን።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ፣ «በቃ መጥፎ ሾው ነው ማለት ነው?» ፕሪቪው ላይ ያለው ስሜት ብቻውን ምንም አይነግርም። የዘፋኙን የቢሊ ጆኤልን ዘፈኖች ይዛ የዳንስ አቀናባሪዋ ትዋይላ ታርፕ የሰራችው የዳንስ ሾው በ2002 ከብሮድዌይ በፊት ቺካጎ ላይ ሲታይ የመጀመሪያው ክፍል ግራ ያጋባል ተብሎ ተተችቶ ነበር፣ እሷም ተመልሳ ያንን ክፍል አፍርሳ ሰራችው፣ በዚያው አመት ኦክቶበር ብሮድዌይ ሲከፈት ሌላ ነገር ሆኖ 1,303 ጊዜ ታየ፣ እሷም በዳንስ ቅንብር (ኮሪዮግራፊ) የብሮድዌይን ትልቁን ሽልማት፣ ቶኒን አገኘች። በተቃራኒው ቢች ቦይስ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ዘፈኖች የያዘው የ2005ቱ ሾው ፕሪቪው ላይ የተጀመረው መጥፎ ወሬ ሳይለቀው 94 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። የብሪትኒ ስፒርስ ዘፈኖችን ይዞ በ2021 መጨረሻ እዚሁ ዲሲ ሃርማን ሆል ቲያትር ቤት የታየውን ደግሞ ከናንተ ውስጥ ያያችሁት አላችሁ። በ2023 ሜይ ላይ ኒውዮርክ ፕሪቪው ጀመረ፣ ጁን 22 ተከፈተ፣ ሴፕቴምበር 3 ተዘጋ። ስለዚህ እኛ ሾው ያዋጣል አያዋጣም ብለን ለማንም ቃል አንገባም።

አንድ ነገር ግን እንንገራችሁ። ከኛ ጋር የነበረች አንዲት ደንበኛችን ኒውዮርክ ያለች ጓደኛዋ ጋር ቀርታ በሚቀጥለው ሐሙስ ራሷ ከፍላ ደግማ ገባች። ደውላ የነገረችን፣ መጀመሪያ ላይ ያ ሁላችሁም «አሰልቺ ነው» ያላችሁት የቢሮ ትዕይንት ወጥቷል፣ ባልየው የሚዘፍነውና ሰው ያለቦታው የሳቀበት ዘፈን ከነጭራሹ የለም፣ ያቺ ፈጣን ዘፈን ደግሞ መጨረሻ ላይ በራሷ ፍጥነት ተመልሳ መጥታለች፣ ሰው ተነስቶ ጨፈረ አለች። ይሄንን ስትሰሙ ምን እንደሚሰማችሁ አናውቅም፣ እኛ ግን ያ የናንተ ዝምታና የናንተ ያለቦታው ሳቅ እዛ ውስጥ አለበት ብለን እናምናለን።

ስለ ገንዘቡ። ቲያትር ቤቱ የተሸጠ ትኬት አይመልስም አይቀይርም፣ ሾው እስካልተሰረዘ ድረስ፣ መቆሙ ደግሞ እንደ መሰረዝ አይቆጠርም። ስለዚህ የትኬቱንና የባሱን መመለስ አንችልም፣ ሁለት ሰዎች ነን የምንሰራው፣ ከከፈልነው ላይ ተመልሶ የመጣልን ነገር የለም። የኛን የአገልግሎት ክፍያ ግን፣ በሰው 25 ዶላር፣ ለጠየቃችሁት ዘጠኝ ሰዎች እንመልሳለን፣ ሌሎቻችሁም ቅር ካላችሁ ሳታፍሩ ንገሩን፣ ፕሪቪው ነው ብለን ስላልነገርናችሁ የኛ ድርሻ ያ ነው። እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ በከፈላችሁበት መንገድ ይገባላችኋል።

ከዚህ በኋላ ማስታወቂያው ላይ ሾው ፕሪቪው ይሁን የተከፈተ፣ የዘፋኙ ህይወት ይሁን ሌላ ታሪክ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ለስንት አመት ልጅ እንደሚሆን በአማርኛ በግልፅ እንጽፋለን። ታሪኩንም በአንድ ገጽ አሳጥረን ባስ ውስጥ እናድላለን፣ እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች በተለይ፣ ያቺ ልጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ በሹክሹክታ ስትተረጉም ማየት አስደስቶንም አሳዝኖንም ነበር።

የሚቀጥለው ጉዞ የተከፈተና የቆየ ሾው ነው፣ ፕሪቪው አይደለም። ደግሞም አሁን ያየነው ሾው በይፋ ከተከፈተ በኋላ ተመልሳችሁ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ በዚሁ ቁጥር መልዕክት ላኩልን፣ እስካሁን 14 ሰው ፈልጓል፣ 30 ከሞላን ባስ እንይዛለን፣ ለናንተ የአገልግሎት ክፍያ አንጠይቅም።

አክባሪዎቻችሁ