ከርዕስ አልወጣችም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደምበጫ ለ27 ዓመታት አማርኛ አስተምሬ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ የነበረች አንዲት የገጠር ልጅ ናት።

«የትምህርት ጥቅም» በሚል ርዕስ ድርሰት አዝዤ 58 ወረቀት ሰበሰብሁ። አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት የጀርባ አጥንት ነው» ብለው ነበር። ከማን ቀዱት እንዳልል፣ ያስለመድናቸው እኛው ነን። የእርሷ ግን ሌላ ነበር። በጳጉሜን አባቷ ለዘመን መለወጫ የተቀለበውን ሙክት እየጎተተ ገበያ ወረደ። ማታ ሲመለስ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ደብተሮች በፌስታል አንጠልጥሏል፤ የተረፈው ገንዘብ ከተማ ለምትከራየው ቤት ነው። እናቷ ምንም ሳትናገር ገመዱን ተቀብላ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው። ቋጠሮው ላይ የሙክቱ ነጭ ፀጉር እንደተጣበቀ ነበር። ልጅቱ ስንቋን አዝላ ስትወጣ ዞር ብላ ያየችው ገመዱን ነው። ድርሰቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

ለውድድር ብልከው «ከርዕስ ወጥቷል» ተብሎ ተመለሰ። ልጅቱ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በሚቀጥለው ድርሰቷ እርሷም «የጀርባ አጥንት» ብላ ጀመረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ምድር መሆኑ ደግሞ ይብሳል። አባቴ ደበሎ ለብሰው፣ ቁራሽ እየለመኑ ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ለመቁጠር ዛፍ ሥር ብቻቸውን ሲቀመጡ ዓይናቸው ጉንዳኑን፣ ሞፈሩን፣ የወንዙን ሙላት ይከተል እንደነበር ይነግሩን ነበር። ሰሙ የሚገኘው ከዚያ ነው። ሌላው የተቀኘውን መልሶ ይዞ ለነገራ፣ ማለትም ቅኔን ለመምህር ለማሰማት፣ መቅረብ ነውር ነበር። የልጅቱ ሙክትና ገመድ ሰም ናቸው፤ የትምህርት ጥቅም ወርቁ ነው። ወርቁን ፈልጎ ማውጣት የአራሚው ድርሻ አልነበረምን?

ሐሳብን በምክንያት የሚያስረዳው አመዛዛኝ ድርሰት ይቅር አላልሁም፤ እርሱም ቢሆን ከታየና ከተዳሰሰ ነገር ቢነሳ ይጠነክራል። ብሔራዊ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ስለሆነ ለድርሰት ጊዜ የለንም የሚሉ ባልደረቦቼንም አውቃለሁ። በሳምንት ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ «በዓይንህ ያየኸውን አንድ ቀን ተርክልኝ» ማለት ብቻ ነው።

ጋዜጣችሁም ለተማሪዎች ትረካ ጥቂት ቦታ ቢሰጥ እለምናለሁ። የልጅቱን ድርሰት ለውድድር ከመላኬ በፊት በእጄ ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። እርሷን አፈላልጌ ከፈቀደችልኝ የመጀመሪያው እርሱ ይሁን።

ጡረተኛ የአማርኛ መምህርት
ደምበጫ፣ ጎጃም