ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ለሚጠይቅ ወጣት፦ የድጋፍ ጥሪ

ችግኝ መትከል ጠብ ሊያስነሣ ይችላል ስንል ብዙ ሰው ይገረማል። በመሬት ሥራ የቆዩ ሰዎች ግን ነገሩን በደንብ ያውቁታል። በብዙ የዓለም ክፍል ዛፍ የተከለ ሰው «ይህ መሬት የእኔ ነው» እንዳለ ይቆጠራል፤ የይዞታ ወረቀት በሌለበት ማስረጃው ዛፉ ራሱ ነው። ሁለት መንደሮች ለዓመታት ሲከራከሩበት በኖሩት ገላጣ ኮረብታ ላይ ቅን ልብ ያላቸው ወጣቶች አካፋና ችግኝ ይዘው ቢወጡ፣ አንደኛው ወገን የሚያየው ልማት ሳይሆን ድንበር ገፊ ነው። ችግኙ ሌሊት ይነቀላል፤ ተካዮቹም ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው ይመለሳሉ። የውኃ ጉድጓድም ከዚህ አይለይም። በደረቅ የግጦሽ መሬት ላይ ጉድጓድ ሲወጣ ከሩቅ ከብት ይመጣል፤ ከብት ሲበዛ ሣሩ ያልቃል፤ ሣሩ ሲያልቅ ማን ቀድሞ ያጠጣ የሚለው ጥያቄ ዱላ ያማዝዛል።

ይህን ጥሪ የምናቀርበው ከመቆፈራቸው በፊት መጠየቅን የሚያውቁ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ለማሠልጠን ነው። የአየር ንብረት ለውጥን የመቋቋም ሥራንና ግጭትን ከመባባሱ በፊት የማብረድ ችሎታን በአንድ ክፍል፣ ለአንድ ወጣት እናስተምራለን። ለየብቻ የሚያስተምር አይጠፋም። ችግሩም ያ ነው፤ አንዱ ጋ የሠለጠነው ሽማግሌ ማነጋገር አይችልም፣ ሌላው ጋ የሠለጠነው ደግሞ ከንግግሩ በኋላ በእጁ የሚሠራው ነገር የለውም።

ሁለቱ ጉዳዮች በዓለም መድረክም ተለያይተው ነው የቆሙት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2015 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2250ን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ስለ ወጣቶች፣ ሰላምና ጸጥታ ያሳለፈው የመጀመሪያ ውሳኔ ነው፤ ወጣቶች ግጭትን በመከላከልና በመፍታት ድርሻ እንዲሰጣቸው አገሮችን ያሳስባል። ከሦስት ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ የአየር ንብረት ስምምነቱ ጸደቀ። አንቀጽ 12 ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥልጠናና ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ይናገራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ የጸደቁ ሁለት ሰነዶች እስከ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በየራሳቸው ቢሮ፣ በየራሳቸው በጀት ይኖራሉ። ገጠር ሲወረድ ግን ውኃውም ጠቡም አንድ ምንጭ ዳር ነው የሚገኙት።

እዚህ ላይ ማጋነን አንፈልግም። ድርቅ ብቻውን ሰው አያጋድልም። የሳይንቲስቶችን ጥናት የሚገመግመው የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከ3.3 እስከ 3.6 ቢሊዮን ሰው ለአየር ንብረት ለውጥ እጅግ ተጋላጭ በሆነ ሁኔታ ውስጥ እንደሚኖር ገልጿል፤ ስለ ግጭት ሲናገር ግን ቁጥብ ነው። የኑሮ ደረጃና የአስተዳደር አቅም ከአየር ጠባዩ ይልቅ ይመዝናሉ ይላል። ይህ ለእኛ የሥራ በር ነው። ዝናቡን ማዘዝ ባንችል እንኳ ዝናቡ ሲዘገይ ሰዎች እንዴት እንደሚነጋገሩ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል በአንድ መልመጃ እናሳያችሁ። ሠልጣኞቹ ከነዋሪዎች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው 12 ሳጥን ይሥላሉ፤ ለየወሩ አንድ። በመጀመሪያ ዝናቡን በጠጠር ያስቀምጣሉ፤ ብዙ ዝናብ ለሚጥልበት ወር እፍኝ ሙሉ፣ ለደረቁ ወር ባዶ። ቀጥሎ ምንጩ የሚሳሳበትን ወር በከሰል፣ ግጦሹ የሚያልቅበትን በደረቅ ቅጠል፣ የጎተራ እህል የሚሟጠጥበትን በገለባ ያመለክታሉ። እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ይመስላል፤ ሕፃናትም ይሳተፋሉ። ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ ይመጣል፦ ባለፉት ዓመታት ሰው የተጣላው፣ አጥር የፈረሰው፣ ከብት የተነዳው በየትኛው ወር ነበር? እዚህ ላይ ጨዋታው ይቆማል። ሠልጣኙ የሚማረው ትልቁ ነገር በዚህ ዝምታ ውስጥ አለመናገር ነው። ቸኩሎ መልስ የሚያቀብል ወጣት መልመጃውን ያበላሸዋል። ከቆየ አንድ ሰው ለጠብ የተመደበውን ቀይ ጠጠር ያነሣና ያስቀምጣል፤ ሌላው «የለም፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ነው» ይላል፤ ወሬው ይጀመራል።

ቀዩ ጠጠር ምንጩ በሚሳሳበት ወር ላይ ሊከማች ይችላል። ግን ደግሞ ጨርሶ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ አዝመራ ተሰብስቦ ዕዳ በሚጠየቅበት ወር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያን ጊዜ ውኃ ማከፋፈያ ለመሥራት የመጣ ቡድን ዕቅዱን አጥፎ ስለ ብድር መነጋገር አለበት። መልመጃውን ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ እንዲሠሩት የምናደርገውም በምክንያት ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ሰው ስለ ምንጩ የሚያውቀው፣ ከብት የሚነዳው ከሚያውቀው ይለያል። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚነሣው ክርክር ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ወሩ ከታወቀ በኋላ ሥራው ግልጽ ይሆናል። የውኃው ተራ ምንጩ ሳይሳሳ ከሁለት ወር በፊት ይነገራል፤ ማን መቼ እንደሚቀዳ፣ ተራውን የዘለለ ምን እንደሚቀጣ፣ ቅጣቱንም ማን እንደሚያስፈጽም ነዋሪዎቹ ራሳቸው ይወስናሉ። አበው ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ያሉት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮምም የጋራ ግጦሽን፣ ደንንና የመስኖ ውኃን ለብዙ ዘመን ሳያጠፉ የተጠቀሙ ማኅበረሰቦችን አጥንተው ተቀራራቢ ነገር አግኝተዋል፦ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ሲያወጡት፣ ቅጣቱ ከቀላል ሲጀምርና አለመግባባትን በቅርብና በርካሽ የሚፈታ ቦታ ሲኖር ሀብቱ ይቆያል።

የእጅ ሥራውም አይረሳም። ችግኝ ከነላስቲኩ እንዳይቀበር፣ ጉድጓዱ ከዝናብ በፊት እንዲዘጋጅ፣ የአፈር ክትር ሥራው ከተዳፋቱ አናት ተጀምሮ ወደ ታች እንዲወርድ፣ ዝናብ መለኪያው በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲነበብ እናስተምራለን። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሥሩ ተጠቅልሎ ታፍኖ ይቀራል፤ ፎቶው ላይ ግን ያምራል።

የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ለሚል ሰው የባንግላዴሽን ታሪክ እንነግረዋለን። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 በዚያ የባሕር ዳርቻ የደረሰው አውሎ ነፋስ በትንሹ ወደ 300 ሺሕ የሚገመት ሰው ፈጀ። ከ1972 ጀምሮ የአገሪቱ መንግሥትና የቀይ ጨረቃ ማኅበር የየመንደሩን ነዋሪዎች በበጎ ፈቃደኝነት ያሠለጥናሉ። መሣሪያቸው ድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚሽከረከር ሳይረንና ባንዲራ ነው፤ የባንዲራው ቁጥር ሲጨምር አደጋው መቅረቡን ሁሉም ያውቃል። በ1991 የመጣው አውሎ ነፋስ ወደ 140 ሺሕ የሚጠጋ ሰው ገደለ፤ ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በ2007 ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሟቾቹ ቁጥር ከ3 ሺሕ በላይ ነበር። የመጠለያዎች መሠራትና የትንበያው መሻሻል በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ትንበያው ሬዲዮ በሌለው ቤት ደጃፍ የሚደርሰው በሰው እግር ነው። ዛሬ ከ70 ሺሕ የሚበልጡት በጎ ፈቃደኞች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። ከዚህ ታሪክ እኛን የሳበን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ሥልጠናው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ አለመቅረቱ፣ ልምምዱ በየጊዜው መደገሙ፣ ይህም ከ50 ዓመት በላይ መቀጠሉ ነው።

ዛፍና ሰላም ምን አገናኛቸው ለሚል ደግሞ አጭር መልስ አለን። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ ከገጠር ሴቶች ጋር ችግኝ መትከል ሲጀምሩ የሴቶቹ አቤቱታ ማገዶና ንጹሕ ውኃ ማጣት ነበር፤ በ2004 የተሰጣቸው ሽልማት የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአንድ ዙር 30 ወጣቶች እንቀበላለን፤ ግማሾቹ ሴቶች ይሆናሉ። የክፍል ትምህርቱ 10 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው 9 ወር ሠልጣኞቹ በየአካባቢያቸው ሲሠሩ አሠልጣኞች እየተመላለሱ የሚያግዙበት ጊዜ ነው፤ ከምንሰበስበው ትልቁ ድርሻም የሚውለው ለዚህ ነው። ለጋሽ ሰው በአብዛኛው የምረቃ ቀንን ይወዳል፤ አዳራሽ፣ ባነር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ወጣት። እኛ የምንለምነው ፎቶ ለማይነሣበት ነገር ነው። ለአሠልጣኝ ጉዞ፣ ለበጎ ፈቃደኛው ትራንስፖርትና የስልክ ክፍያ፣ ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ቋንቋ ሲናገሩ ለአስተርጓሚ፣ ለአደጋ መድን፣ የሚጠባ ልጅ ላላት ሠልጣኝ ደግሞ ሕፃኑን ለሚይዝላት ሰው። ይህ የመጨረሻው በተለይ በቀላሉ ከበጀት የሚሰረዝ ነው፤ ሲሰረዝ ግን ስለ ምንጩ ይበልጥ የምታውቀው ሴት ከክፍሉ ትቀራለች። በጎ ፈቃደኛ ከኪሱ ያውጣ የሚለውም አያስማማንም፤ ያ ከሆነ በጎ ፈቃደኛ የሚሆነው የደላው ብቻ ነው። ቲሸርት አናሳትምም። የምስክር ወረቀትም የሚሰጠው በ9ኛው ወር መጨረሻ ነው።

ለየአካባቢው የምንሰጠው አነስተኛ የሥራ ማስጀመሪያ ገንዘብም ጥብቅ መስፈርት አለው። የማይስማሙ ሁለት ወገኖች ባሉበት ቦታ ከሁለቱም አንድ አንድ ወጣት በጋራ ፈርሞ ያቀረበው ዕቅድ ካልሆነ አንከፍልም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል በቨርደን አቅራቢያ ባለች ኤን በተባለች የፈረሰች የፈረንሳይ መንደር ውስጥ ከተዋጊ አገሮች የመጡ በጎ ፈቃደኞችን፣ ጀርመኖች ጭምር፣ ፍርስራሽ በማንሣት ሥራ ላይ አሰባስቦ ነበር። ትናንት የተዋጉ አገሮች ሰዎች ስለ ሰላም ከመስበክ ይልቅ አብረው አካፋ ያዙ።

የማንሠራውንም እንንገራችሁ። ጥይት በሚተኮስበት ቦታ ወጣት አንልክም፤ ያ የሌላ ሰው ኃላፊነት ነው። ከፖለቲካ ፓርቲ የሚመጣ፣ ወይም ከተጣሉት ወገኖች ለአንዱ ብቻ ይዋል ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ አንቀበልም። ሪፖርታችንም የተተከለውን ችግኝ ሳይሆን አንድ የበጋ ወቅት አልፎት በሕይወት የተገኘውን ይቆጥራል፤ የተፈረመውን የውኃ ስምምነት ሳይሆን ደረቁን ወር የተሻገረውን። የፈረሰ ካለ መፍረሱን ከነምክንያቱ እንጽፋለን። ይህን ሪፖርት ትንሽ የሰጠም ብዙ የሰጠም እኩል ይደርሰዋል።

በገንዘብ መርዳት የማትችሉ ሌላ የምትሰጡት አለ። የሒሳብ ባለሙያ የሒሳብ መዝገባችንን ይመርምርልን። የከርሰ ምድር ውኃ፣ የደን ወይም የአፈር ጥበቃ ባለሙያ አንድ ቀን ያስተምርልን። ጡረታ የወጡ ዳኞችንና ለረጅም ዘመን ሰው ያስታረቁ ሽማግሌዎችን በተለይ እንፈልጋለን፤ የአስታራቂውን ሚና ከሠልጣኞቹ ጋር እንዲጫወቱና ስሕተታቸውን እዚያው እንዲያርሙላቸው። ያገለገለ ብስክሌት፣ ድምፅ ማጉያ፣ አካፋና ዝናብ መለኪያም እንቀበላለን።

ለመስጠት የወሰናችሁ ይህን ጥሪ ላደረሰላችሁ የማኅበሩ አባል አሳውቁ። ክፍያ በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው የሚገባው፤ በግል ሒሳብ አስገቡ የሚል ካጋጠማችሁ አትስጡ፣ ለእኛም ንገሩን። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። ከተቻለ በአንድ ጊዜ ከምትሰጡት ከፍ ያለ መጠን ይልቅ ለ9 ወር በየወሩ የምትሰጡት ትንሽ መጠን ይበልጥ ይጠቅመናል፤ የክትትሉ ወጪ በየወሩ ስለሆነ። የሠልጣኞች ምዝገባ የሚከፈተው የ9 ወሩ ክትትል ሙሉ ወጪ ቃል ሲገባልን ነው። ግማሽ ገንዘብ ይዘን ክፍል አንከፍትም።