ርካሽ ሲጋርና የድሬ አየር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ጥቅምት 2018

ይድረስ ለወንድሜ ለሙክታር፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረምክ? እናታችንስ፣ ልጆቹስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ይህን ያህል ዘመን መጥፋቴ ያሳፍራል፤ የደንገጎን ዳገት መውጣት ተስኖኝ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፊት ለፊት ስንገናኝ ትወቅሰኛለህ። አሁን ወደ ጥያቄህ ልሂድ።

ርካሽ ሲጋር ይጨሳል ወይስ ብር ማቃጠል ነው ብለሃል። ሻጩ ሰውዬ ፊትህ ያስቀመጠው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሳጥኑ ክዳን መስታወት የሆነ «ኮሂባ»፣ ውዱ የኩባ ሲጋር፣ በግማሽ ዋጋ፣ ሌላው በላስቲክ የታሰረ፣ ሳጥንም ስምም የሌለው የኒካራጓ ሲጋር እስር። እስሩን ግዛ፣ ኮሂባውን ተው። የኩባ ፋብሪካ ኮሂባን መስታወት ክዳን ባለው ሳጥን አያወጣም፤ ያን ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። የእውነተኛ የኩባ ሳጥን ሆዱ ላይ፣ ማለትም ከውጭ በታችኛው ፊቱ፣ በጋለ ብረት የተተኮሰ ጽሑፍ አለው፤ በጣት ስትዳስሰው ጎድጎድ ይላል። ከጽሑፉ አጠገብ የፋብሪካው ኮድና የታሸገበት ወርና ዓመት በቀለም ይመታል። ከላይ የሚለጠፈው አረንጓዴና ነጭ የዋስትና ወረቀት ደግሞ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የሚያብረቀርቅ ሆሎግራምና ባርኮድ አለው። ኮሂባ ርካሽ ሆኖ አያውቅም፤ በርካሽ ከመጣልህ ኮሂባ አይደለም ማለት ነው።

ርካሽ ሲባል ግን መጠየቅ ያለበት «ምኑ ነው የረከሰው?» ነው። ሲጋር ሦስት ነገር ነው። መሃሉ ሙሌት፣ ሙሌቱን አቅፎ ቅርጽ የሚያሲዘው ማሰሪያ ቅጠል፣ ከላይ ደግሞ የሚያለብሰው ቅጠል። ዋጋውን አጥብቆ የሚሰቅለው ልብሱ ነው፤ ሳይቀደድ፣ ሳይጠቃጠቅ፣ ቀለሙ አንድ ሆኖ መገኘት ስላለበት ከማሳው የሚመረጠው ጥቂት ነው። ቀጥሎ ጊዜው አለ። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ በክምር ይብላላል፤ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ይፈርሳል፣ ይገለበጣል፣ እንደገና ይከመራል። ይህን ያሳጠሩበት ሲጋር ሲለኮስ አሞኒያ ይሸታል፣ እንዳልተጠረገ ጋጣ፤ ጉሮሮም ይከረክራል። የቀረው ሳጥን፣ ቀለበት፣ ስምና ቀረጥ ነው።

ሳጥኑ ከረከሰ ምን ቸገረህ? በ20 ወይም በ25 ታስረው የሚሸጡት እስሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። አንዳንዶቹ ልብሳቸው ከጓደኞቻቸው ቀለም ጋር ስላልተስማማ ብቻ ከሳጥን የተባረሩ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው፤ ውስጣቸው ያው ነው። ጊዜው ከረከሰም መድኃኒት አለው፤ አሞኒያ የሚሸት ሲጋር ልክ በሆነ እርጥበት ሁለት ሦስት ወር ቢያርፍ ሽታው ይቀንሳል። የማይታረመው የቅጠሉ መርከስ ነው። በማሽን ከሚሠሩት ርካሾች ብዙዎቹ ማሰሪያቸው፣ የአንዳንዶቹም ልብሳቸው ቅጠል አይደለም፤ የትምባሆ ብናኝና የቅጠሉ መሃል ዘንግ ተፈጭቶ፣ በማጣበቂያ ተለውሶ እንደ ወረቀት የተዘረጋ ነው። ለመለየት ከባድ አይደለም። ሲጋሩን ወደ ፀሐይ አዙረህ ልብሱን እየው። ቅጠል ከሆነ ስሩ ይታያል፣ ትንንሽ የደም ሥር የመሰለ መስመር፤ ቀለሙም እዚህ ጠቆር እዚያ ፈካ ይላል። ምንም ሥር ከሌለውና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ቡኒ ከሆነ ወረቀቱን ነው የምታጨሰው። የቫኒላ ወይም የፍራፍሬ ጣዕም የተጨመረበትንም አትንካ፤ ጣዕሙ ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ደካማ ትምባሆን ለመሸፈን ነው፣ እዚህ አገርም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሸጡ ተከልክሏል።

ሙሌቱን ከእግሩ በኩል፣ ማለትም በሚለኮሰው ጫፍ፣ ተመልከት። ቅጠሉ ሙሉውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሄደ እንደ ተጣጠፈ መጋረጃ እጥፍ እጥፍ ሆኖ ይታያል። ይህን ስፔኖች ትሪፓ ላርጋ ይሉታል። እንደ ሻይ ቅጠል የተከታተፈ ከሆነ ትሪፓ ኮርታ ነው። የተከታተፈው ውርደት አይደለም፤ ከኩባ እውነተኛ ርካሾች ሆሴ ፒየድራና ኪንቴሮ እንዲህ ናቸው፣ በእጅ የተሠሩ፣ አመላቸው ግልጽ። ግን በቁርጥራጮቹ መሃል አየር ስለሚበዛ ቶሎ ይነዳል፣ ይግላል፣ አመዱም አይቆምም፤ ፍርፋሪውም አፍ ይገባል።

ከመግዛትህ በፊት በአውራ ጣትና በጠቋሚ ከላይ እስከ ታች በቀስታ ጨመቅ እያደረግህ ውረድ። ተጨምቆ ተመልሶ የሚነሳ ከሆነ ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ እንጨት ከሆነብህ ቋጠሮ አለበት፣ ጭሱ አያልፍም። ክፍተት ከተሰማህ እሳቱ እዚያ ሲደርስ ፈጥኖ ይነድብሃል። ብስኩት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ ከሰጠ ደርቋል፤ እኛ ጋ የሚበዛውም ይኸው ነው።

አየህ ሙክታር፣ ድሬ ውስጥ ሲጋርን የሚገድለው ርካሽነቱ ሳይሆን አየሩ ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ የከረመ ውድ ሲጋር በአግባቡ ከተያዘ ርካሽ ያነሰ ነው። የኩባና የኒካራጓ ዓይነቱ የሚፈልገው ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበትና ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሙቀት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእኛ ሙቀት 35ን ሲያልፍ ምን እንደሚሆን አስበው። አንተ ግን 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም ግንቡ ወፍራም በሆነ የጁገል ቤት ውስጥ ስላለህ ግማሹ ሥራ ተሠርቶልሃል።

የዝግባ ሳጥን አትፈልግ፤ ርካሽ የዝግባ ሳጥን ክዳኑ አይገጥምም፣ እንጨቱ ራሱ እርጥበቱን ይጠጣዋል። ክዳኑ ላስቲክ ያለውና ጠቅ ብሎ የሚዘጋ የፕላስቲክ ምግብ መያዣ ይበቃል፤ ሽታ ያለው አይሁን። ውስጡ እርጥበቱን የሚጠብቅ የቦቬዳ ከረጢት፣ 65 የተጻፈበት፣ ካገኘህ ጨረስክ፤ 60 ግራሙ እስከ 25 ሲጋር ይይዛል። ካላገኘህ ትንሽ ንጹሕ ስፖንጅ ማዕድኑ በወጣለት የተጣራ ውሃ አርሰህ፣ በደንብ ጨምቀህ፣ በተበሳሳ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጥ፤ ሲጋሩን እንዳይነካ። የቧንቧ ውሃ አይሆንም። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጥለውን ነጭ ቅርፊት ታውቀዋለህ፣ ስፖንጁንም እንዲሁ ያደርገዋል። ጋራዥ ወይም ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ የተጣራ ነው፤ ጠርሙሱን አንብብ ግን፣ አሲዱን እንዳይሰጡህ። ጫት በእርጥብ ጨርቅ እንደሚጠቀለለው ሲጋርን የሚጠቀልል ሰው ታገኛለህ፤ በሳምንቱ ሻጋታ ነው።

የእርጥበት መለኪያ ስትገዛ ቁጥሩን አትመን። አንድ የለስላሳ ቆርኪ የገበታ ጨው ሞልተህ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምርበት፤ እንደ እርጥብ አሸዋ ይሁን እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር በላስቲክ ከረጢት አሽገህ አንድ ቀን ተወው። ውስጡ 75 በመቶ ይሆናል። መለኪያው 70 ካነበበ 5 ይጎድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ 5 እየደመርክ አንብብ።

የደረቀውን አትቸኩልበት። በአንድ ጊዜ 70 ውስጥ ከከተትከው ሙሌቱ ያብጥና ልብሱን ይተረትረዋል። መጀመሪያ 62 ላይ ሁለት ሳምንት፣ ከዚያ 65 ላይ አንድ ወር። ልብሱ ይለሰልሳል፣ የተነነው ቅባት ግን አይመለስም፤ ጣዕሙ ጠፍ ብሎ ይቀራል።

ሌላው ጣጣ ነቀዝ ነው። ትምባሆ የራሱ ነቀዝ አለው፤ እንቁላሉ ቅጠሉ ውስጥ አብሮ ይመጣል፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪን ሲያልፍና እርጥበት ሲኖር ይፈለፈላል። ልብሱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ክብ ቀዳዳና ሥሩ ቡናማ ዱቄት ካየህ እሱ ነው። እስሩ እንደመጣ ሁለት ከረጢት ደርበህ አየሩን አስወጥተህ አሽገው። አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ አምስት ቀን፣ መልሰህ አንድ ቀን ፍሪጅ፣ ከዚያ ሳትከፍተው ክፍል ውስጥ እስኪሞቅ ጠብቅ። ቀዝቅዞ እያለ ከከፈትከው ጤዛ ይይዘዋል፣ ልብሱም ይሰነጠቃል። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ከቀለጠብህ ቀኑን ከአንድ ጀምር። ማቀዝቀዣ ለዚህ ብቻ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ የሚያከማች ሰው ሲጋሩን ያደርቀዋል፣ ያውም የሽንኩርት ሽታ አስይዞ።

ስታጨስ ደግሞ፣ ከርካሹ ቀጭኑን ምረጥ። ውፍረቱ በኢንች 64ኛ ይለካል፤ 50 የተባለው 20 ሚሊሜትር ገደማ፣ 42 የተባለው 17 ያህል ነው። 42ቱ ይሻልሃል፣ ርካሽ ሙሌት በወፍራሙ ውስጥ መጨረሻው ላይ ሬት ይሆናል። ቆቡን፣ ማለትም አፍ የሚገባውን ጫፍ የሚዘጋውን ቁራጭ ቅጠል፣ ሁለት ሚሊሜትር ብቻ በስለታም ምላጭ ቁረጥ፤ ቆቡ ከሚያበቃበት መስመር ካለፍክ ልብሱ ይፈታል። የተከታተፈውን ደግሞ ከዚያም አሳንሰህ ቁረጥ፣ ፍርፋሪው እንዳይወጣ። ሳይለኮስ ሳበው፤ እንደ ወፍራም ማንጎ ጭማቂ በስትሮ ከሆነብህ ረጅም ቀጭን ሽቦ በመሃሉ አስገብተህ ቋጠሮውን ላላው። የምትለኩሰው በክብሪት እንጨት ወይም በጋዝ ላይተር ነው። የክብሪቱ ድኝ ነዶ እስኪያልቅ ጠብቅ፤ የቤንዚን ላይተርና ሻማ ሽታቸው ይገባበታል። እሳቱ እግሩን ሳይነካው ከሥር እያዞርክ ዙሪያውን ጠበስ አድርገው፣ ከዚያ ሳብ።

በደቂቃ አንድ ጊዜ ሳብ፣ የተከታተፈውን ከዚያም አዘግይ። «ርካሽ ነው መራራ ነው» ከሚሉህ ግማሾቹ ቶሎ ቶሎ እየሳቡ ያቃጠሉት ናቸው። አንድ ጎን ብቻ ከነደደ የዘገየውን ጎን በላይተር ነካ አድርግ። መሃሉ ብቻ እየነደደ ልብሱ ከቀረ ወይ እርጥበቱ በዝቷል ወይ ዘግይተሃል፤ አመዱን አራግፈህ ጠርዙን ለኩስ። ርካሹን ሲሦው ሲቀር ተወው። አትደፍጥጠው፣ አስቀምጠው ራሱ ይጠፋል፤ ከተደፈጠጠ ሽታው ቤቱን አይለቅም።

ጭሱን አትዋጥ አቦ። የሲጋር ጭስ ከሲጋራው ይለያል፣ ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ይገባል፤ ሳትውጠውም ያዞርሃል። ትልቁ ሲጋር የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊይዝ ይችላል። ባለመዋጥህ የአፍና የጉሮሮ ካንሰር አይቀርልህም፤ ርካሽና ውድ እዚህ ላይ እኩል ናቸው። በባዶ ሆድና ምርቃና ላይ ከሆንክ ጭራሽ አትለኩስ። ካዞረህ ቁጭ በል፣ ጣፋጭ ነገር ጠጣ።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር። ሳጥንና ከረጢት ካሰለቸህ ደረቁ ዓይነት አለ። የጣሊያኑ ቶስካኖ ከኬንታኪ ትምባሆ በእንጨት ጭስ ደርቆ የሚሠራ ነው፤ ፍሎረንስ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ1818 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ዝናብ የመታው ትምባሆ በበርሜል ተብላልቶ ተገኘ ይላሉ ታሪኩን። መልኩ የተጣመመ ጭራሮ ይመስላል። ቆብ የለውም፣ ከመሃሉ ለሁለት ቆርጠህ ግማሹን ማጨስ ነው፣ ርካሽነቱም እዚያ ላይ ይታያል። ሽታው ጎረቤት ያስቀይማል። የሆላንዶቹ ቀጫጭኖች ደግሞ በቆርቆሮ ይመጣሉ፤ የብዙዎቹ ማሰሪያ ያው ወረቀቱ ነው፣ ግን ለአሥር ደቂቃ ከቡና ጋር ይበቃሉ። ሁለቱም ሳጥን አይጠይቁም፣ ክዳኑ የገጠመ ቆርቆሮ ብቻ። ለድሬ እኔ የምመርጠው ቶስካኖን ነው።

ሰውየው በኮሂባው ካደከመህ የሳጥኑን ሆድ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ከእስሩም ከመክፈልህ በፊት አንዱን አስከፍተህ እግሩን እየው፣ ጨመቅ አድርገው፣ ቀዳዳ ፈልግበት። ስትወርድ መለኪያህን ይዘህ ና፣ ጨው እኔ ጋ አለ። ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ፣
ኤልያስ