ቁሌቱ እስኪበስል

አዲስ አበባ

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፤

ሰላምሽ ይብዛ። እንዴት ከርመሻል? ልጆችሽ ደህና ናቸው? የሜሪላንድ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንከራከር፤ ሥራውና ልጁ የሁለታችንንም ጊዜ በላው። የአክስትሽን ልጅ መርካቶ አግኝቼ ስለ አንቺ ብጠይቃት «ወገቧን ያማታል፤ ለጂም በየወሩ ትከፍላለች፤ አትሄድም» አለችኝ። አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ሁለት ፈረቃ ሠርተሽ፣ ሰው ስታነሺና ስታስተኚ ውለሽ፣ ከዚያ በብርድ መኪና አስነስተሽ ጂም? እኔም ብሆን አልሄድም። ገንዘብሽን አስመልሺና የምነግርሽን ስሚ።

እኔ ስፖርት የምሠራው ሽንኩርት ሲቁላላ ነው። አትሳቂ። ቁሌት እንደሆነ አይቸኩልም፤ አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። እሳቱን ቀነስ አደርግና ወንበር ከኋላዬ አስጠግቼ ቁጭ ብድግ እጀምራለሁ። ትምህርት ቤት ስናረፍድ ጆሯችንን ይዘን የምንቀጣበት ያው ቁጭ ብድግ ነው። ወንበሩን ነካ አድርጌ ሳልቀመጥ እነሳለሁ። ትንሿ ልጄ ትቆጥርልኛለች፤ ሰባት ስትል ሁልጊዜ ወደ ዘጠኝ ትዘላለች፤ ስለሚጠቅመኝ አላርማትም። ከ10 እስከ 12 ጊዜ ከሠራሁ በኋላ ሽንኩርቱን አማስላለሁ፤ እረፍቴ እርሱ ነው።

ከዚያ ፑሽ አፕ። መሬት ላይ መሥራት ካቃተሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ጀምሪ፤ ሲቀልልሽ ወደ ጠረጴዛ ጠርዝ ውረጂ። እኔ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነኝ፤ አላፍርም። ቀጥሎ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አለኝ። በአንድ እጄ ጠረጴዛውን ይዤ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ ጎንበስ እልና ጀሪካኑን ወደ ጎኔ እስባለሁ። ጥሩነቱ ክብደቱን እንደ አቅምሽ መወሰን መቻልሽ ነው፤ በግማሽ ውኃ ጀምረሽ ሲቀልልሽ ትጨምሪበታለሽ።

ላንቺ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግሽ ይኼኛው ነው። በጀርባሽ ተኚና ጉልበትሽን አጥፈሽ እግርሽን ወለሉ ላይ ትከዪ። መቀመጫሽን አጥብቀሽ ዳሌሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ትንሽ ቆዪ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ሰው ስታነሺ መቀመጫሽና ጭንሽ ካላገዙ ሸክሙ ሁሉ ወገብ ላይ ይወድቃል። ሕመሙ ወደ እግርሽ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ፤ በዚህ ቀልድ የለም።

«ቀኑን ሙሉ ስሸከም እውል የለም ወይ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ትሸከሚያለሽ፤ ነገር ግን ያንኑ ሸክም፣ በዚያው ጎንሽ፣ ደክሞሽም ቢሆን። ጡንቻ የሚበረታው ሸክሙ ቀስ በቀስ ሲጨምርበት፣ ከዚያም አርፎ ሲጠገን ነው። ስለዚህ ከምትቆጥሪያቸው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊያቅቱሽ እስኪደርሱ ሥሪና በማግሥቱ እረፊ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌላው እንቅስቃሴ በተጨማሪ ዋና ዋና ጡንቻዎችን ሁሉ የሚያሠራ ስፖርት በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ነው የሚመክረው። እንደ እርምጃ ላለው እንቅስቃሴ ደግሞ ቀድሞ «ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ» ይል የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2020 አንስቶታል። ሙሉ ሰዓት እስክናገኝ የምንጠብቅበት ምክንያት የለም ማለት ነው። እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ ብለሽ እንዳትሰጊ፤ በጀሪካን ማንም አይፈረጥምም፤ ቢሆንልኝማ እኔ በወደድኩ።

እንዲህ ያመረርኩት እናቴን አይቼ ነው። ስንት እንስራ ተሸክማ ያሳደገችን ሴት ዛሬ ከሶፋ ለመነሳት ሁለቱን እጆቿን መደገፊያው ላይ ትጥላለች፤ «በስመ ሥላሴ» ብላ ወደ ፊት ትወዛወዝና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ትነሳለች። የሰው ጡንቻ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ይነገራል፤ የወር አበባ ሲቆም ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚያንስ አጥንትም ቶሎ ይሳሳል። እኛም ወደዚያው እየሄድን ነው፤ ስለ ክብደት መቀነስ ብቻ ሲያወሩን ይህን የነገረን ሰው ግን የለም። እናቴንም አሁን ከወንበር እያስነሳኋት ነው፤ ትቆጣኛለች፣ ትሠራለች።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ልጅ በርበሬና ሽሮም ይዛልሻለች፤ በርበሬው ዘንድሮ ያቃጥላል፣ በልክ አድርጊው። እሑድ እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ቀትር ነውና ደውዪልኝ። ወጥ እሠራለሁ፤ አንቺም ሽንኩርትሽን ጣጂ። ቆጣሪዋን ከስልኩ አጠገብ አስቀምጥልሻለሁ።

የአንቺው እህት