ጥር ላይ የተጋባ ሰው የት ይደር?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አዘጋጅ።

የጉዞ አምዳችሁ ላይ ለባልና ሚስት የፍቅር ማረፊያ ብላችሁ ስለ ባቱ የወይን አገር የጻፋችሁትን አነበብኩት። ጽሑፉ ቆንጆ ነው፣ ፎቶውም ቆንጆ ነው። ግን እናንተ የጻፋችሁት ለሙሽራ ነው። እኔ ጅማ የምኖር፣ በትዳር ሃያ ዓመት የደፈንኩ ሴት ነኝ። ሁለት ጥር ተከታትዬ እዚያ ሄጃለሁ፣ የመጀመሪያውንማ አደርኩ ለማለትም ይከብደኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ሰው መቼ ነው የሚያገባው? ጥር። እህሉ ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ስለዚህ የጋብቻ በዓላችንም የሚውለው ጥር ላይ ነው፣ የእኔ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቼም። እና ልክ በዚያ ወር ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ እናንተ «ጸጥ ያለ» ያላችሁት ሐይቅ ዳር ያለ ሎጅ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተክሎ የሰው ሰርግ ይደግሳል። ይሄን አንድም ሰው ሲጽፈው አላየሁም።

አምና ጥር 20 ማክሰኞ ዋለ። ባለቤቴ «የሥራ ቀን ነው፣ ወደ ቅዳሜ እንግፋው» አለ። ስህተታችን እዚህ ጋ ጀመረ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአዲስ አበባ ባቱ ደግሞ 160 ያህል። የጊቤን ቁልቁለት ወርደን፣ ዳገቱን ወጥተን፣ ወሊሶ ምሳ በልተን፣ አማቴ ዘንድ አድረን፣ በማግስቱ ባቱ ስንገባ ወገቤ የኔ አልነበረም። የማረፊያውን ስም አልጠራም። አልጋ ልይዝ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀኝ «ለአዳር ነው ለሾርት?» ብሎ ነው። ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በትዳር የኖርን ሰዎች ነን አልኩት። «እንኳን አደረሳችሁ! እሺ ለአዳር ብዬ ልያዘው» አለኝ።

ክፍሉ ስንገባ አልጋው ላይ በጽጌረዳ ልብ ተሠርቷል። ከፎጣ የተጠቀለሉ ሁለት ዳክዬዎችም አንገት ለአንገት ተያይዘው ተቀምጠዋል። (ባቱ የአበባ እርሻ አገር ነው፣ ጽጌረዳ መበተን እዚያ ቆሎ እንደ መበተን ነው።) ባለቤቴ አንዱን ዳክዬ ፈታና ፊቱን አደረቀበት። ቀዝቃዛ ውሃ የታጠበውን ፊቱን ማለቴ ነው፣ ሙቅ ውሃ «ትንሽ ቆይቶ ይመጣል» ተብለን ነበር። እስከ እሁድ አልመጣም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስፒከሩ ተከፈተ። ወይን ቀድተን ነበር። ባሱ በመታ ቁጥር ብርጭቆው ውስጥ ያለው ወይን ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጣል፣ የመስኮቱ መስታወት ደግሞ ይቀበለዋል። እኔና ባለቤቴ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን እየጮህን ነው የምናወራው። «ምን አልሽ?» «ምንም አላልኩም!» ለእንግዳ ተቀባዩ ብንደውል «ሰርግ እኮ ነው እህቴ» አለን። ሰርግ ከተባለ ማን ይከራከራል? የእኛ ጊዜም ጎረቤት አልተኛም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ንፋስ ልቀበል በሩን ስከፍት፣ ደፉ ላይ ሙሽራዋ ተቀምጣለች። ቬሎዋን ጉልበቷ ድረስ ሰብስባ፣ ታኮ ጫማዋን አውልቃ ጎኗ አስቀምጣ፣ እግሯን ታሻለች። ተረከዟ ተልጦ ደም ይዟል። «ይቅርታ እትዬ፣ ረበሽናችሁ አይደል?» አለችኝ። ምን ልበላት? የላስቲክ ነጠላ ጫማዬን አውጥቼ ሰጠኋት። «ስንት ዓመታችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች፣ ነገርኳት፣ ጫማዬን ተጫምታ ወደ ጭፈራው ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም፣ ጫማዬንም።

ጅማ ተመልሼ ይሄን ሁሉ ካሊፎርኒያ ላለችው እህቴ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። እሷ ካለችበት ብዙም የማይርቅ፣ ከሳንፍራንሲስኮ በስተሰሜን ናፓና ሶኖማ የሚባሉ የወይን አገሮች አሉ። እዚያ ሰው ለጋብቻ በዓሉ የሚመርጠው ጥቂት ክፍል ብቻ ያላትን፣ ቁርስ እዚያው የሚዘጋጅባትን ትንሽ ማረፊያ ነው አለችኝ። ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይሰቀላል፣ ብዙዎቹም ሁለት ሌሊት ካልያዝክ አይቀበሉህም። በጣም ውዱ ጊዜ ወይኑ የሚለቀምበት መከር ነው። ከሁሉም ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። ወይን የሚቀመስባቸው ቤቶች አመሻሽ ላይ፣ አሥር አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ይዘጋሉ አለችኝ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍህ ያረፍክበት ቤት ብቻ ነው።

ባቱም ያው ነው። ወይኑን በቀን አየኸው፣ ጨረስክ። ሌሊቱ የማረፊያው ነው። እናንተ ግን ስለ ቀኑ ጽፋችሁ ሌሊቱን ዘለላችሁት።

ዘንድሮ ጥር 20 ረቡዕ ዋለ። አልገፋነውም። ባለቤቴ ፈቃድ ወሰደ፣ ልጆቹን ታናሽ እህቴ ዘንድ አስቀመጥን። ከመሄዳችን በፊት ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣሁ ስልኬን ይዤ አራት ቦታ ደወልኩ። ስለ ጽጌረዳ ማንንም አልጠየቅኩም። ረቡዕ ማታ ግቢያችሁ ውስጥ ድግስ አለ ወይ? ጄኔሬተሩ የቱ ክፍል ጀርባ ነው ያለው? መብራት ሲጠፋ ውሃው ይሞቃል? አጎበር አለ? የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ባቱ ከፍታው 1,640 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ ያለበት ቦታ ነው፣ ሐይቁን ፊት ለፊት የሚያይ ክፍል ደግሞ ትንኙንም ፊት ለፊት ነው የሚያየው። አንዱ «አጎበር ለፍቅር አይመችም» ብሎኝ ስልኩን ዘጋሁበት። አንዲት ልጅ ግን «ቆይ እትዬ» ብላ ሄዳ አይታ፣ ተመልሳ «ጄኔሬተሩ ከ4 ቁጥር ጀርባ ነው፣ 9 ቁጥርን ልያዝልሽ» አለችኝ። እሷ ጋ አረፍን። ክፍሉ ጌጥ የለውም፣ መጋረጃውም ቢሆን ትንሽ አጭር ነው። ግን ማታ የሰማነው እንቁራሪት ብቻ ነበር፣ ሩቅ ደግሞ ጉማሬ ሲያጉረመርም። ባለቤቴ «ለጉማሬማ እዚያው ጅማ ቦዬ ሐይቅ ነበረን፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ምን አመጣን?» አለ። ጅማ የምታውቁ ትስቃላችሁ።

ረቡዕ በመሆኑ ጾም ነበር። ወይኑንም ምግቡንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅነው፣ ከዚያ ሽሮ በላን። አስተናጋጁ የዓሣ ሾርባ ሊያመጣልን ነበር፣ ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ግን እኛ ቤት ከከፈትከው አታነጋም። የሃያ ዓመት በዓል በሽሮና በቀይ ወይን። እኔ ወድጄዋለሁ።

የወይን እርሻውን ያየነው ሐሙስ ነው። ዝም ብሎ ሄዶ በር የሚያንኳኩበት ቦታ አይደለም፣ ቀድሞ ደውሎ መነጋገር ይሻላል። የእርሻው ባለቤት፣ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ የመጠጥ ኩባንያ፣ ያስመጣቸው ችግኞች የፈረንሳይ ናቸው፣ ከቦርዶ። እ.ኤ.አ. በ2007 ተተክለው የመጀመሪያው ጠርሙስ የወጣው በ2014 ነው። የወይን ዘሮቹ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካቤርኔ ሶቪኞን ናቸው፣ ነጩ ደግሞ ሻርዶኔ። አፈሩ አሸዋማ ነው። ጉማሬ እንዳይገባ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሯል፣ ባለቤቴን ከሁሉም የመሰጠው ይሄ ነው። እኔን የገረመኝ ግን መግረዙ። በብርድ አገር ወይን ክረምት ሲመጣ ራሱ ይተኛል። እዚህ ሙቀቱ አያስተኛውም፣ መቼ እንደሚያፈራ የሚነግረው መቀሱ ነው።

ከዚያ መቅመስ። ባለቤቴ ዕድሜውን ሁሉ ጉደርን በኮካ የጠጣ ሰው ነው። ሪፍት ቫሊ የሚባለው ቀይ ወይናቸው ተቀዳለት፣ ቀመሰ፣ ፊቱን ጨፈገገ፣ ዞር ዞር አለ። ምን እንደሚፈልግ ስለገባኝ በክርኔ ጎሰም አደረግኩት። አካሺያ የሚባለው ወይናቸው ሲቀርብ ለስለስ ስላለለት «ይሄ ይሻላል» ብሎ ተረጋጋ። በኋላ መኪና ውስጥ «ብቻ ትንሽ ኮካ ቢኖር...» አለ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው እንግዲህ።

ለመዋኘት የምትፈልጉ ካላችሁ የባቱ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ላንጋኖ አለ። ውሃው ቡናማ ነው እንጂ ሰው ይዋኝበታል። አንዳንዱ ላንጋኖ አድሮ ወይኑን በቀን መጥቶ ያያል፣ ክፉ ሐሳብ አይደለም። የጥር ቅዳሜ ድንኳን ግን እዚያም አይቀርላችሁም።

ስለዚህ ውድ አዘጋጅ፣ ጸሐፊያችሁን በሚቀጥለው ጥር ቅዳሜ ላኩልን። ፎቶ ብቻ አንስቶ አይመለስ፣ ይደር። ጠዋት ተነስቶ የተኛበትን ሰዓት ይጻፍ፣ ውሃው ሞቆ እንደሆነም። እኛ በበኩላችን የሚመጣው ዓመት ጥር 20 ሐሙስ ይውላል፣ ያውም ጾም የለውም፣ 9 ቁጥርን ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ያቺ ሙሽራ ይህን ካነበበችው ደግሞ፣ የሷም በዓል ጥር 24 ነው። ጫማውን ትተወው። አልጋ ግን ቅዳሜ እንዳትይዝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ